አቦይ ካሕሳይ ያልነገሩኝ

«ያ ግንበኛ ሽማግሌ ዐረፉ» አለኝ ሰይድ፣ የበቅሎውን ጭነት እያራገፈ።

ሰይድ ከደሴ መቀሌ እየተመላለሰ የሚነግድ ያገራችን ሰው ነው። በርበሬና ጥጥ ይዞ ይሄዳል፣ አሞሌ ጨው ይዞ ይመለሳል። መቀሌ ውስጥ ግንበኛ ሞልቷል፤ ቢሆንም «የትኛው?» ብዬ አልጠየቅኩትም። ሰይድ እኔ ፊት ቆሞ ስም ሳይጠራ የሚያነሣው ግንበኛ አንድ ብቻ ነው።

«ታመው ነበር?» አልኩት።

«የለም። ጠዋት ማዕዘን ድንጋይ ሲጠርቡ ቆይተው፣ ደከመኝ ብለው ጥላ ሥር ጋደም አሉ አሉ። ሠራተኞቹ ለምሳ ሊቀሰቅሷቸው ቢሄዱ አልፈዋል።» የጭነቱን ገመድ ጠቀለለ። «ስንት ዓመት ሙሉ ሳውቃቸው፣ ያልጠየቅኋቸውን ነገር አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም።»

ሣቅ አመለጠኝ። ስለ አቦይ ካሕሳይ ባጭሩ ተናገር ብባል እኔም ከዚህ የተሻለ አልልም ነበር።

አቦይ በትግርኛ አባቴ እንደማለት ነው። መቀሌ ሽማግሌው ሁሉ አቦይ፣ አሮጊቷ ሁሉ አደይ ናቸው። እኔ ግን እርሳቸውን አቦይ ስል ቃሉን ከልቤ ነበር የምለው።

ከእርሳቸው ጋር ያገናኘን የአባቴ ቤት ነው። አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር፤ የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ ስለነበር ተመርጦ ከደሴ ወደ መቀሌ ሲዛወር እኔ ስምንት፣ እኅቴ አምስት ዓመታችን ነበር። ቤት ሠርቼ ሁላችሁንም እወስዳችኋለሁ ብሎን ሄደ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤው በሰይድ እጅ ሲመጣልን ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን ሰይድ ሌላ ሰው የጻፈው ወረቀት አመጣ። አባታችን በወባ ሞቶ ተቀብሯል ይላል። እናቴ ለቅሶ ተቀመጠች፤ ተዝካሩን አወጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ኮርቻ ሠሪ አገባች። ደግ ሰው ነበር፤ እኔንና እኅቴን እንደ ወለደን አድርጎ አሳደገን። እርሱም በጣሊያን ጊዜ ሞተ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ደግሞ ሰይድ ቁልፍ ይዞልን መጣ። ከቁልፉ ጋር የታጠፈ ወረቀት ነበር። «ቤቴ ለልጆቼ ነው» ከሚል ቃልና ከአባቴ ስም በቀር ሌላ አልተጻፈበትም። ፊደሉ ትልልቅና የተንጋደደ ነው፤ ገና መጻፍ የሚለማመድ ልጅ የጻፈው ይመስላል። እናቴ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ወስዳ አየችው።

«ይህ የእርሱ እጅ አይደለም» አለች። ከዚያ ስንት ዓመት በልቧ ይዛው የኖረችውን ነገር አወጣችው። «እዚያ ሌላ ሴት ነበረችው ይሆናል። እኛን ሳይወስደን ሦስት ዓመት የቆየው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሂድና እየው። ሽጠውና ተመለስ።»

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከሰይድ ጋር ወጣሁ።

ቤቱ ወደ ዓዲ ሓቂ በሚወስደው መንገድ፣ ከጎረቤት ራቅ ብሎ የቆመ ረጅም የድንጋይ ቤት ነው። ጀርባውን በለስ ውጦታል። በእንጨትና በአፈር የተደለደለው ጠፍጣፋ ጣራ መሐሉ ጎብጧል። በሩ ላይ አንድ አጭር ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ተነሡ፤ ከራሴ እስከ እግሬ፣ ከእግሬ መልሰው እስከ ራሴ ዐዩኝ። በሬ የሚገዛ ሰው እንኳ እንደዚያ ትክ ብሎ አያይም።

«ቁመትህ ደኅና ነው» አሉኝ።

የመጀመሪያ ቃላቸው ይኸው ነበር።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ካሕሳይ። ይህችን ቤት የሠራሁ።»

«ቁልፉን የላኩልን እርስዎ ነዎት?»

«እወ» አሉ፤ አዎን ማለታቸው ነው።

«ከማን ተቀብለው?»

«ከአባትህ።»

አባቴ ሞተ ከተባለ ዐሥር ዓመት አልፎ ነበር። ቁልፉ የት ከረመ ብሎ መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ አልጠየቅኩም። እርሳቸውም አልነገሩኝም።

በሁለተኛው ቀን ቤቱን ሊገዛ የሚፈልግ አንድ ነጋዴ መጣ። ግቢውን ዞሮ፣ ወለሉን በዘንጉ መታ መታ አድርጎ ደስ ብሎት ነበር። ሊወጣ ሲል ወደ አቦይ ካሕሳይ ዞረና «ቤቱ ጠንካራ ነው?» አለ።

«ግድግዳዋ እኔና አንተ ካለፍንም በኋላ ትቆማለች። ጣራዋ ግን ሁለት ክረምት አትችልም» አሉት።

ሰውዬው በዚያው ሄደ። እኔ ተናደድኩ።

«ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?»

«ባይጠይቀኝ ዝም እል ነበር» አሉ። «ጠየቀኝ።»

እንግዲህ ከመሸጡ በፊት ጣራው መጠገን ነበረበት። ለዚያ ደግሞ ቤቱን ከሠሩት ከእርሳቸው የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? ሥራ ጀመርን። እንጨት አቀብላለሁ፣ ጭቃ አቦካለሁ፣ ድንጋይ እሸከማለሁ። ደብተር ይዞ ያደገ እጄ በሳምንት ውስጥ ተላጠ።

አማርኛቸው ከወታደርና ከነጋዴ የተለቀመ ነው። ሐንና ዐን ከጉሮሯቸው ጥልቅ ያወጧቸዋል፤ ቤቱንም፣ ድንጋዩንም፣ መዶሻውንም በሴት ይጠሯቸዋል። ቃል አያባክኑም። ለድንጋይ ግን ጊዜ አላቸው። አንዱን አንሥተው ያገላብጡታል፣ በምራቃቸው ያረጥቡታል፣ በጣታቸው አጥንት ቆርቆር አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ካልወደዱት ሳይወረውሩ ቀስ ብለው መሬት ላይ ያስቀምጡታል።

«ድንጋይ ፊትና ጀርባ አላት» አሉኝ አንድ ቀን። «ፊቷን ሰው ወደሚኖርበት ታዞራለህ። ጀርባዋን ወደ ውጭ፣ ሰው ወደማያያት። ሰው በሚኖርበት ጀርባዋን ያዞረ ግንበኛ ሌባ ነው።»

ይህን ሲሉኝ የሥራ ምክር መስሎኝ ነበር።

ከእኛ ዝቅ ብሎ ባለው ቤት አደይ አብረኸት የሚባሉ ባልቴት ይኖሩ ነበር። ብቻዬን መሆኔን አይተው እርጎ ያመጡልኛል። አንድ ቀን እርጎውን ስጠጣ አጠገቤ ተቀመጡና «አባትህ ደኅና ሰው ነበር» አሉ። «ታሞ ወደ አገሩ ሄደ ሲሉን አዘንን። ደሴ ደርሶ ነው ያረፈው ወይስ መንገድ ላይ?»

ቅሉን ከአፌ አወረድኩ። «ደሴ? አባቴ የሞተው እዚህ ነው። የተቀበረውም እዚህ።»

«እዚህ?» አሉ። «እዚህ ሞቶ እኔ ሳላለቅስ? ይህ ሰፈር የቀበረውን ሰው አያውቅም?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም ወደይ፣ ልጄ። ታሞ አገሩ ገባ ነው የተባልነው። ቤቱም ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ከብርኽቲ በቀር ሲገባበት ያየነው ሰው የለም።»

«ብርኽቲ ማን ናት?»

«የካሕሳይ ሚስት፣ ነፍሷን ይማራት። በየቀኑ በኋላ በኩል ትገባ ነበር፤ የተሸፈነ ነገር ትይዛለች። ዶሮ አረባለሁ ትላለች። እኔ ግን ከዚያ ቤት የዶሮ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አድርገው ተነሡ።

ደሴ ላይ መቀሌ ሞተ ተባልን፤ መቀሌ ላይ ደሴ ገባ ተባለ። በመካከሉ አንዲት ሴት የተሸፈነ ነገር ይዛ ሰው ወደሌለበት ቤት ትመላለሳለች። የእናቴ ጥርጣሬ ትዝ አለኝ። ደግሞ የዚህ ሰውዬ ሚስት ናት። እንዲህ ያለ ነገር ከባሏ ፊት እንዴት ይነሣል? ሁለት ቀን ሙሉ በአፌ ላይ ስመላልሰው ቆይቼ በሦስተኛው ቀን ጭቃ እያቀበልኳቸው ጀመርኩ።

«ባለቤትዎ ወደዚህ ቤት ይመጡ ነበር ይባላል።»

«እወ።»

«ለዶሮዎቹ?»

«ዶሮ አልነበረንም።»

«ታዲያ ለምን ነበር የሚመጡት?»

«ምግብ ታመጣ ነበር።»

«ለማን?»

በእጃቸው የነበረውን ድንጋይ አስቀመጡት። «ይህን አልነግርህም።»

«አያውቁትም?»

«ዐውቃለሁ።»

«የአባቴን መቃብርስ?»

«እሱንም ዐውቃለሁ። አልነግርህም።»

«ለምን?»

«ማልኩ።»

ሌላ ሰው ቢሆን አላውቅም ብሎ ይገላገል ነበር። እርሳቸው ግን እያወቁ እንደማይነግሩኝ ፊት ለፊት ሲነግሩኝ አንገታቸውን ልይዝ ምንም አልቀረኝም። ግን ደግሞ ፊታቸውን ሳይ የምሥጢር ጠባቂ ኩራት አልነበረበትም። ከባድ ድንጋይ ተሸክሞ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣ ሰው ነበር የሚመስሉት።

«ለጣራዋ ስንት እንጨት እንደሚበቃ እንይ» አሉ በመጨረሻ፣ የመለኪያ ገመዳቸውን እየሰጡኝ። «መጀመሪያ ከውጭ ለካ። ቀጥለህ ከውስጥ።»

«ሲሠሩት ለክተውት የለም እንዴ?»

«አንተ ለካ።»

ከውጭ ሃያ ክንድ ሆነ። ከውስጥ ዐሥራ ሦስት። ሁለቱ የዳር ግድግዳዎች አንዳንድ ክንድ ይወፍራሉ፤ ቢቀነሱ ከውስጥ ዐሥራ ስምንት መሆን አለበት። የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ለካሁ። ሦስተኛም ለካሁ። አቦይ ካሕሳይ ውጭ ተቀምጠው ድንጋይ ይጠርባሉ፤ ቀና ብለውም አላዩኝ።

«አምስት ክንድ ጎደለ» አልኳቸው።

«ክንድህ እንዲህ አለች?»

«እንዲህ አለች።»

«የለካኸው አንተ ነህ» አሉና መጥረባቸውን ቀጠሉ።

ወደ ውስጥ ገባሁ። በስተሰሜን ያለው የዳር ግድግዳ በጭቃ የተለሰነ ነው። ጭቃው ከረጅም ጊዜ ጉዳት የተነሣ አንዳንድ ቦታ ረግፏል። ጠጋ ብዬ በጥፍሬ ፈቀፈቅሁት። ከሥሩ የወጣው ድንጋይ ሻካራ፣ ያልተጠረበ፣ የተዛባ ነው። አጠገቡ ያለውንም ፈቀፈቅሁ። እርሱም ያው። ሌሎቹ ግድግዳዎች በሙሉ የለሰለሰ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረዋል፤ ይህ አንዱ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶኛል። እንደዚያ ቆሜ ሳለ ያሉኝ ነገር ትዝ አለኝ። አቦይ ካሕሳይ ሌባ አይደሉም። እንግዲያው ሰው የሚኖረው ከዚያ ማዶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መዶሻና መሮ ይዤ ግድግዳው ፊት ቆምኩ። እርሳቸው በሩ ላይ ናቸው።

«ያግዙኝ» አልኳቸው።

«በእጄ የሠራሁትን በእጄ አላፈርስም።» ትንሽ ቆይተው ግን «ከላይ ጀምር» አሉ። «ከታች ከጀመርክ ትወድቅብሃለች። ያችን አይደለም፣ ቀኝ ያለችውን። እንደሱ አትምታ፣ ጎኗን።»

እንዲህ እያሉ ራሳቸው የሠሩትን ግድግዳ ደንብ ጠብቆ እንዲፈርስ አደረጉ። ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሲከፈት ገባሁ። እርሳቸው አልተከተሉኝም።

ጠባብ ክፍል ናት። መዳፍ የምታክል መስኮት ከጠዋቱ ብርሃን አስገብታለች፤ በእርሷ በኩል የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ይታያል። በአንድ ጎን የጭቃ መደብ አለ፤ ላዩ ላይ የተጠቀለለ ቁርበት። ወደ በለሱ የሚወጣ ትንሽ በር ነበር፤ እርሱም በድንጋይ ተደፍኗል። መሬት ላይ የቀለም ቀንድ፣ ከአጠገቡም የብዕር መቃ ተቀምጧል። መቃው ላይ የጠፍር ቀለበት ተሰፍቶበታል። ለምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም። እጄን ባስገባው የጣት አይደለም፤ መላው መዳፍ የሚገባበት ነው። ጣት የሌለው ሰው ብዕር የሚይዝበት።

ልስኑ ላይ ደግሞ ጽሑፍ አለ። ከመስኮቱ አጠገብ የሚጀምረው ያማረ፣ የተስተካከለ የአባቴ እጅ ነው፤ ደብዳቤዎቹን እየደጋገምኩ ስላነበብኩ አልስተውም። ወደ ጥግ እየሄደ ሲመጣ ፊደሉ ያድጋል፣ ይንጋደዳል። ከቁልፉ ጋር የመጣልን ወረቀት ፊደል ይሆናል። ጽሑፉ ስሜና የእኅቴ ስም ብቻ ነበር፤ እየደጋገመ፣ በየስማችን አጠገብ ዕድሜያችን። እኔ ዐሥራ አንድ። እኔ ዐሥራ ሁለት። እኔ ዐሥራ ሦስት። ከእያንዳንዱ ጋር አግድም የተሰመረ የከሰል መስመር አለ፤ የኔ ከፍ፣ የእኅቴ ዝቅ ብሎ። የመጨረሻው ዐሥራ ስምንት ይላል።

አባቴ ሞተ ስንባል ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ወደ ቀዳዳው ተመለስኩ። አቦይ ካሕሳይ የቆሙበት ቆመዋል።

«ሥጋ ደዌ ነበር» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «እኔ አላልኩም።»

«አላሉም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«አንተ አልከው» አሉ፤ ትንፋሻቸውን ረዘም አድርገው ለቀቁት።

በዚያ ዘመን ይህ በሽታ ዘር ይከተላል ተብሎ ይታመን ነበር። አባቱ የታመመበትን ልጅ የሚያገባው የለም፣ የነካውን ዕቃ የሚገዛው የለም፣ ቤቱም ይቃጠላል። አባቴ በሽታው ሲታይበት ያሰበው ይህን ነው። ለመቀሌ ደሴ ገባ፣ ለደሴ መቀሌ ሞተ ተባለለት፤ እርሱ ግን ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ሰባት ዓመት ኖረ። ይህን ሁሉ ማንም አልነገረኝም፤ እዚያው ቆሜ አንድ በአንድ ገጣጠምኩት።

«መሞቱን የሚናገረውን ደብዳቤ ያጻፈው ማን ነው?»

«እኔ።»

«እኔ ደሴ መሬት ላይ ስንከባለል እርሱ እዚህ ተቀምጦ ነበር?»

«እወ።»

«እርስዎም ያውቁ ነበር።»

«እወ።»

አንዴ እንኳ ልባቸውን የሚያለሳልስ ምክንያት ቢያቀርቡ፣ ምን ላድርግ ልጄ ቢሉ፣ እኔም አለቅስ ነበር። እወ ብቻ አሉ። መዶሻውን ወርውሬ ወጣሁ። ሰይድ ወደሚያድርበት ቤት ሄድኩና አራት ቀን ተኛሁ። በሽታውን ለሰይድ አልነገርኩትም፤ አሞኛል አልኩት። ቤቱን ላቃጥለው፣ ለመጀመሪያው ገዢ ልስጠው፣ ወይስ ትቼው አገሬ ልግባ እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። አንድ ጥያቄ ግን አልለቅ አለኝ። አባቴ የከሰሉን መስመር በምን ልክ ነው ያሰመረው? ስምንት ዓመቴ ከነበረ ወዲያ አይቶኝ አያውቅም።

በአምስተኛው ቀን ተመለስኩ። አቦይ ካሕሳይ ጣራው ላይ ናቸው፤ ብቻቸውን ግማሹን ደልድለውታል። ሲያዩኝ ወረዱ። ገብቼ ዐሥራ ስምንት በሚለው መስመር ሥር ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ቆምኩ። መስመሩ ግንባሬ ላይ ዐረፈ። ከዐሥራ ስምንት ዓመቴ ወዲህ ያደግኩት ቢታሰብ እምብዛም ስሕተት አልነበረበትም።

«ይህን ማን ነገረው?» አልኩ።

በዚህ ጊዜ እስከ ቀዳዳው ድረስ መጥተው ነበር። መሐላውን በአእምሯቸው ከዳር እስከ ዳር የሚለኩት መሰለኝ።

«የራሴን ሥራ አልናገርም ብዬ አልማልኩም» አሉ። «በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲመጣ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ምን ያህላል እባላለሁ። ዐሥራ ሦስት የሞላው ምን ያህላል እባላለሁ። እኔ ልጅ አልወለድኩም፣ አላውቅም። ወጥቼ የሰው ልጅ እፈልጋለሁ። አንዱን ብቻ ከለካሁ አጭር ልጅ ሊገጥመኝ ይችላል፤ ስለዚህ አራት አምስት ልጅ እለካለሁ። መሐሉን እይዛለሁ። እናቶቹ ካሕሳይ አበደ ይሉ ነበር።» ከዚያ ቀና ብለው ግንባሬ ላይ ያለውን መስመር ዐዩ። «ትንሽ አሳጥሬሃለሁ።»

እዚያው መደቡ ላይ ተቀመጥኩና ያቆየሁትን ሁሉ አለቀስኩ። አቦይ ካሕሳይ አላባበሉኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡና እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ቤቱን አልሸጥኩትም። ከተማው ውስጥ የጽሕፈት ሥራ አገኘሁና እዚያው ገባሁ። ከሥራ ስወጣ ከአቦይ ካሕሳይ ጋር እቀመጣለሁ። መቃብሩ የት ነው እያልኩ በተለያየ መንገድ እሞክራቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ሳይቆጡ በተለያየ መንገድ ይከለክሉኛል። ስለ ብርኽቲ ግን ይነግሩኝ ነበር። መጀመሪያ ፈርታ ምግቡን በር ላይ ታስቀምጥ እንደነበር፣ ቆይታ ግን ገብታ እንደምትቀመጥ፣ ፊደልም ተምራ ስሟን መጻፍ ችላ እንደሞተች። ያስተማራት ማን እንደሆነ አልተናገሩም።

አሁን ምሥጢሩ በእኔም ላይ ወደቀ። እኅቴ ደሴ ላይ ታጭታ ነበር። ነገሩ ቢሰማ ጋብቻው በዚያው ይፈርሳል። አባቴ የተሠዋለትን ነገር እኔ በአንድ ደብዳቤ ላበላሸው አልቻልኩም። ምን ላድርግ ብዬ አቦይ ካሕሳይን ብጠይቃቸው «የማልኩት እኔ ነኝ። አንተ አልማልክም» ብለው ተዉኝ። ዓመት ዝም አልኩ። እኅቴ ተድራ፣ ልጅም ካረገዘች በኋላ፣ ደሴ ወርጄ ለእናቴ ብቻ ነገርኳት።

እናቴ የምትፈትለውን ጥጥ ሳታቋርጥ ሰማችኝ። እንዝርቱ የቆመው ስጨርስ ነው።

«ሌላ ሴት አልነበረችም» አለች።

«አልነበረችም።»

«እኔ በሕይወት ባለ ባል ላይ ነው ያገባሁት።»

መልሴን አልጠበቀችም። በሳምንቱ ከሰይድ ጭነት ጋር አብራኝ ወጣች።

መቀሌ ስንደርስ አቦይ ካሕሳይ በር ላይ ነበሩ። እናቴ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው አስነሧት። ከዚያ ይዣት ገባሁ። ክፍሏን ዐየች፤ መቃውን አነሣች፤ ጠፍሩ ውስጥ እጇን አስገባች። የግድግዳውን ፊደል ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ተከተለች። ወጥታ አቦይ ካሕሳይ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባቴ፣ ይንገሩኝ» አለቻቸው። «ሚስቱ ነኝ።»

ሊከለክሏት ነው ብዬ ፈራሁ። ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ የድሮ ቃል አንድ ባንድ የሚደግሙ መሰለኝ።

«ለልጆቼ አትንገር ብሎ አማለኝ» አሉ በመጨረሻ። «ስለ አንቺ አላማለኝም፣ ሓፍተይ፣ እኅቴ። ትመጣለች ብሎ አላሰበም።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጁ ነህ» አሉኝ። «ውጣ።»

ወጣሁ። በሩን ከውስጥ ዘጉት። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቀትር አልፎ ነበር። ከእርሳቸው ጋር በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ከዐሥር ቃል በላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ድምፃቸው በበሩ በኩል ይፈስሳል፤ ቃሉ አይለይም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል አማርኛው አለቀባቸው መሰለኝ በትግርኛ ቀጠሉ። እናቴ ትግርኛ አንዲት ቃል አታውቅም። አላቋረጠቻቸውም።

በማግስቱ ሁለቱ ቀድመው፣ እኔ ተከትዬ፣ ከከተማው ወጣ ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አቦይ ካሕሳይ ከቅጥሩ ውጭ ቆሙ፤ መቃብሩን ያሳየችኝ እናቴ ናት።

ደሴ እስክንመለስ ድረስ፣ ቆይቼ እኔም ጠቅልዬ ደሴ ከገባሁ በኋላ፣ ያን ቀን ምን እንዳሏት ብዙ ጊዜ ጠየቅኋት። አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ። ሰይድ ማግባቷን ባወራ ጊዜ አቦይ ካሕሳይ ሰምተው ለአባቴ ነገሩት። አባቴ «ባሏ ልጆቼን ይወዳቸዋል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። «ይወዳቸዋል ይላል ሰይድ» አሉት። ያን ቀን ብርኽቲ ያመጣችለትን ሁሉ በልቶ ጨረሰ፤ ከታመመ ጀምሮ እንዲያ በልቶ አያውቅም ነበር።

«ሌላውስ?» አልኳት።

«ሌላው ለኔ የተነገረኝ ነው» አለች እናቴ።